ሊቀ መነጽር ሩዲ በኤልማ ጠመንጃ ላይ የደረደረው

ጠመንጃ ባለበት አገር ሁሉ ከጥይት ቀድሞ የሚደርስ አንድ መካሪ አለ። አንተ ገና «እኔ እንኳ ጠመንጃዬ ላይ ትንሽ መነጽር ነገር...» ብለህ ሳትጨርስ፣ የመነጽሩን ዓይነት፣ የብሎኑን ቁጥር፣ የመያዣህን ውፍረትና የአስተዳደግህን ጉድለት ባንድ ትንፋሽ ይነግርሃል። ገንዘቡ ያንተ፣ ትከሻው ያንተ፣ ጫካ መሐል ብሎኑ ሲላላ የሚያለቅሰውም አንተ ነህ። እሱ የሚያወጣው ቃል ብቻ ነው፤ ቃል ደግሞ ሞልቶታል።

ለእኛ ከተማ ፈጣሪ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ሰጣት፤ አንዱም ተርፏታል። ሩዲ ፔልቶ ይባላል። በላይኛው ሚሺጋን መንገዶች ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ከዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት የተነሣ ቀስ ብሎ መናገር የረሳ ሰው ነው። ሕዝቡ «ሊቀ መነጽር ወመያዣ» ብሎ ሾሞታል። ሹመቱን ሲሰማ አልተቆጣም፤ «ዘገያችሁ» ብቻ ነው ያለው።

መንበሩ የባርብ ሱቅ ነው። ባርብ ምስማርም፣ የዓሣ ማጥመጃ ትልም፣ ጠመንጃም የምትሸጥ፣ ማንንም ሰው በዓይኗ ብቻ ዝም የምታሰኝ ሴት ናት፤ ከሩዲ በቀር። እሱ ሱቁ ሲከፈት ይገባል፣ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ይደገፋል፣ እስከ ምሳ ድረስ የገባውን ሁሉ ይመክራል። ራሱ ከዚያ ሱቅ ሲገዛ የታየው አንድ ጊዜ ነው፤ የገዛው አንድ ጠርሙስ የጠመንጃ ዘይት ነው፤ እሱንም «ሽታው አልተስማማኝም» ብሎ መልሶታል።

«አጋዘኑማ አይቶሃል!» ይላል ጣቱን ቀስሮ። «ያላየኸው አንተ ነህ!»

ገዢው ኪሱን መዳበስ ይጀምራል።

የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር አንድ ጊዜ ሦስት እጥፍ የምታቀርብ ትንሽ መነጽር ሊገዛ ገባ፤ ሃያ አራት እጥፍ የሚያቀርብ፣ ክንድ የሚያህል ነገር ታቅፎ ወጣ። ኖቬምበር አሥራ አምስት፣ አደኑ የሚከፈትበት ቀን ንጋት ላይ፣ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ቀንዳም አጋዘን አሥር ርምጃ ላይ መጥቶ ቆመለት። ርእሰ መምህሩ በመነጽሩ አየ። ጸጉር። ወደ ግራ አዞረ፤ ጸጉር። ወደ ቀኝ አዞረ፤ አሁንም ጸጉር። «ብርድ ልብስ ተከናንቤ የነቃሁ ነው የመሰለኝ» አለ በኋላ። ቀና ብሎ በባዶ ዓይኑ እስኪያይ ድረስ አጋዘኑ ታዝቦት ሄዷል።

ሩዲ ይኼ ሲነገረው ቅንጣት አልደነገጠም። «መነጽሩ ምን አጠፋ? ጸጉሩን አጥርቶ አሳይቶሃል። መነጽር እኮ እንደ ድምፅ ነው ጌታዬ! ሰው ሲቀርብህ ዝቅ ታደርገዋለህ!» ይኼን ያለው ከመንገዱ ማዶ እስኪሰማ እየጮኸ ነው።

ዳሪል የሚባለው የኪቬላዎች ልጅም አለ። ሩዲ «መነጽሩን አንድ ጣት ወደ ዓይንህ አስጠጋው» አለው፤ አስጠጋው፤ ተኮሰ። ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲረግጥ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድቡ ላይ ግማሽ ጨረቃ ቀረጸበት። ዛሬ ዳሪል አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጨረቃዋም ገና አልጠለቀችም። ሩዲን ባየ ቁጥር «ግንባሬ ላይ የፈረመው ሰውዬ» ይለዋል።

ሩዲ ሲጨብጥህ ደግሞ ሰላም እያለህ እንዳይመስልህ፤ እየለካህ ነው። አውራ ጣትህን እንደ ገበያ ዶሮ ያገላብጥና «ሰፊ መዳፍ፣ አጭር አውራ ጣት፤ መያዣህን አስጠርበው» ይልሃል። ሙሽራ ለክቷል። ፓስተሩን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ለክቷል። ከአራት ዓመት በፊት ኤልማ ኪቬላ ባሏን ሬይኖን የቀበረች ዕለት፣ የአጽናኞቹ ሰልፍ ሩዲ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። እጇን ይዞ ራሱን ነቀነቀ።

«እግዜር ያጽናሽ፣ ኤልማ። የአውራ ጣትሽ መጋጠሚያ አብጧል፤ የሰደፉ አንገት ወፍሮብሻል ማለት ነው።»

ኤልማ መሐረቧን አፏ ላይ ጭና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሰዉ «እንዴት ብትወደው ነው!» ብሎ አብሯት አለቀሰ። እሷ ግን ስትስቅ ነበር። በዚያ ሳምንት የሳቀችው ያንኑ አንዴ ብቻ ነው።

ሐሜት አይሁንብኝና፣ አንድ ነገር ግን ከተማውን ሲያንገበግብ ኖሯል፤ የሩዲን የራሱን ጠመንጃ ያየ ሰው አልነበረም። በዚፕ የሚዘጋ ከረጢት ውስጥ ይኖራል፤ ወደ ጫካም የሚሄደው ብቻውን ነው፤ ያን ምላስ ይዞ የሚያስገባው የአደን ካምፕ ማን አለ? ባርብ «ቢያንስ ሦስት መነጽር ተደራርቦበታል» ትላለች። ፓስተሩ እንኳ ሳይቀር አራት ብሏል።

ወደ ኤልማ እንመለስ። ኤልማ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ በየኖቬምበሩ የምትቀመጥባት አንዲት ማድፈጫ አለቻት፤ ከምታድንበት ካምፕ ጀርባ ረግረጉን ቁልቁል የምታይ የሳንቃ ጎጆ፤ አባቷ የሠራላት፣ ሬይኖ ጣሪያ ያለበሰላት። ካምፑ ግን ሕግ አለው። ማድፈጫ የሚይዝ ሰው በየዓመቱ በአዳኞች ማኅበር የጠመንጃ መቃኛ ቀን፣ ሁሉም ዒላማውን በሚያስተካክልበት፣ መቶ ርምጃ ላይ የተሰቀለ የወረቀት ሳህን ላይ ሦስት ይተኩሳል፤ ሦስቱንም መምታት አለበት። ያልመታ ምድጃ ይይዛል፤ ለአዳኞቹ ያበስላል። ሕጉን ያወጣው ራሱ ሬይኖ ነው፤ አንድ የሚጠጣ ዘመዱን በጨዋ ደንብ ከጫካ ለማስወጣት። ሬይኖም ሞተ፣ ዘመዱም መጠጥ ተወ፤ ሕጉ ግን አለ።

የካምፑ አለቃ ዛሬ የሬይኖ የወንድም ልጅ ነው፤ ያው ባለ ጨረቃው ዳሪል። ሴፕቴምበር ላይ ኤልማ ቤት መጥቶ፣ ሥጋና ድንች ከተጠቀለለበት ፓስቲዋ ሁለቱን ከበላ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አክስቴ፣ ዘንድሮ እንኳ ምድጃው ጋ ብትሆኚ አይሻልሽም? ያንቺን ፓስቲ የሚያህል እኮ የለም።»

«የወደድከው ፓስቲዬን ነው ማድፈጫዬን?»

«አይ፣ የሚስቴ ወንድም ቦታ የለውምና... ሳህኑን ካልመታሽ ብዬ ነው።»

«ብመታስ?»

ዳሪል ያበጡ ጣቶቿን አየ፤ ሦስተኛ ፓስቲ አነሣ። ያናደዳት ያ እይታው ነው። እውነቱን ለመናገር ግን እሷም ታውቀዋለች። ረግረጉ ማዶ ያለ አጋዘን አይሰወርባትም፤ አፍንጫዋ ሥር ያለው የጠመንጃዋ የኋላ ዒላማ ግን ጭጋግ ሆኖባታል፤ አውራ ጣቷም የማጉረሻውን ቀለበት ገፍታ ስትመልስ በእሳት የተነካ ያህል ያማታል።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ኤልማ ጠመንጃዋን ጠቅልላ ባርብ ሱቅ ሄደች።

«ኤልማ» አለች ባርብ በሹክሹክታ፣ «በሩ ገና ቅርብ ነው። አምልጪ!»

ሩዲ ግን አይቷታል። ነገሩን ስትነግረው፣ ሳህኑን፣ ምድጃውን፣ የዳሪልን የሚስት ወንድም፣ ግማሽ ደቂቃ ሙሉ ዝም አለ። ባርብ ሰዓቷን አይታለች፤ ምስክር ናት። ከዚያ ጠመንጃውን አገላበጠው። ከቃታው ሥር ባለው ቀለበት የሚያጎርስ፣ ቀለሁን ሽቅብ ወደ ሰማይ የሚተፋ አሮጌ ጠመንጃ ነው፤ እላዩ ላይ መነጽር ቢቀመጥ ቀለሁ መነጽሩን ሲደበድበው ይውላል።

«ቀይ ነጥብ!» ብሎ ባንኮኒውን መታ። «ወደ ፊት፣ አፈሙዙ በኩል እንሰቅልልሻለን። ትንሽ መስኮት ናት፤ ውስጧ ቀይ ብርሃን አለች፤ ብርሃኗ ካረፈችበት ላይ ጥይትሽ ያርፋል። አጋዘኑማ አይቶሻል፣ ኤልማ...»

«አውቃለሁ፤ ያላየሁት እኔ ነኝ» አለች።

አራት ሳምንት ሙሉ ደረደረባት። ለአውራ ጣቷ ብሎ ማጉረሻውን በሰፊ ቀለበት ለወጠው። ለትከሻዋ ብሎ ሰደፉ ጫፍ ላይ ወፍራም ጎማ ለጠፈ። ለጉንጯ ትራስ፣ ለአንገቷ ሰፊ ማንገቻ። ጠመንጃው ሰርገኛ ሙሽራ መሰለ፤ ክብደቱም ከነሚዜዎቿ ነው። ነጥቧን ሲያበራላት ግን ችግር ተፈጠረ።

«አየሻት?»

«የትኛዋን?»

«እንዴት የትኛዋን? አንድ ናት እኮ!»

«አንተ ጋ አንድ ትሆናለች። እኔ ጋ የተረገጠ እንጆሪ ናት።»

«ዕቃው ነው!» አለ ሩዲ፣ ወዲያው በሌላ አስለወጠው። ሁለተኛው የወይን ዘለላ ሆነባት። ሦስተኛው ጭራ አወጣ። ሩዲ ፋብሪካውን ወቀሰ፣ ባትሪውን ወቀሰ፣ የሐይቁን እርጥበት ወቀሰ።

«ሩዲ» አለች ባርብ በመጨረሻ፣ «ሦስቱም ዕቃ ተበላሽቶ ኤልማ ብቻ ደኅና ልትሆን አትችልም።»

«ትችላለች!» ብሎ ጮኸ።

ከሬይኖ ወዲህ ለኤልማ እንዲህ የተከራከረላት ሰው አልነበረም። የዓይን ሐኪሟ ብርሃን እንደሚበተንባት ቀድሞ ነግሯት ነበር፤ ያንን መናገር ትታ ቤቷ ገባች።

የመቃኛው ቀን የኦክቶበር የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ይዘንብ ነበር። አርባ የሚሆን ሰው ከተኩስ ሜዳው መጠለያ ጣሪያ ሥር ቆሟል፤ ባርብ መዝገብ ይዛ ተቀምጣለች፤ ተኩሱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ኤልማ ጠመንጃዋን ከመጠቅለያው ስታወጣ ዳሪል ፉጨት ለቀቀ።

«አክስቴ፣ ይኼ ጠመንጃ ነው ወይስ የሩዲ በረዶ መጥረጊያ?»

ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ለልምምድ አምስት ተኮሰች። ሁለቱ የት እንደገቡ አልታወቀም። ሁለቱ አፈር ላይ ናቸው። አንዱ ከጎኗ የሚተኩሰው ሰው ሳህን ላይ አረፈ።

«እሱ አይቆጠርልኝም?» አለች።

ማንም አልሳቀም፤ ሰፊው ቀለበት ውስጥ እጇ ተንሸራትቶ ብረቱ አውራ ጣቷን ሲመታት፣ ከንፈሯን ስትነክስ አይተዋታል። ዳሪል መጥቶ ቀስ ብሎ ትከሻዋን ያዘ። «አክስቴ፣ በቃ። ማንም አይስቅብሽም።» ከሳቁ ሁሉ የወጋት ይኼ ደግነቱ ነው። ከሃምሳ ስምንት ዓመት አደን በኋላ ምድጃው ሥር ተቀምጣ፣ የሰው ተኩስ እየሰማች ድንች ስትልጥ ታያት።

ሩዲ ኮፍያውን አወለቀ።

«ተሳስቻለሁ» አለ።

የባርብ እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ። «ምን አልክ?»

«ጆሮሽ ደኅና ነው፣ ባርብ። ተሳስቻለሁ። ዕቃው ምንም አልሆነም። ዓይኗን ሳልጠይቅ እኔን ደስ ያለኝን ነው የሰቀልኩባት። ግማሽ ሰዓት ስጡን።»

ወደ መኪናው ሄዶ ያንን ከረጢት አመጣ፤ አርባ ሰው እያየ ዚፑን ከፈተ። አንገቱን ያላሰገገ አልነበረም። ከውስጥ የወጣው ከኤልማ ጠመንጃ ጋር መንታ የሆነ አሮጌ ጠመንጃ ነው። መነጽር የለውም። ቀይ ነጥብ የለውም። ከኋላው አንዲት ጥቁር የማነጣጠሪያ ቀለበት፣ መሐሏ ምስር የምታህል ቀዳዳ፤ የሰደፉ አንገት ላይ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ዱላቸውን የሚጠቀልሉበት የጨርቅ ፕላስተር። ሌላ ምንም።

«ጋሽ ሩዲ፣ መነጽሩ የታል?» አለ ርእሰ መምህሩ።

«የለም።»

«ጣሉት?»

«ኖሮኝ አያውቅም።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። «ሊቀ ቀዳዳ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሌላው «ሃያ አራት እጥፍ ቀዳዳ ነው!» ብሎ ተቀበለው። ዳሪል ጨረቃውን እየዳበሰ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ሩዲ ቀና አላለም። አንገቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ የራሱን የማነጣጠሪያ ቀለበት ፈታ፤ ከኤልማ ጠመንጃ ላይ አራት ሳምንት የደረደረውን ሁሉ ነቀለ፤ ቀለበቷን ፋብሪካው ቀድሞ በበሳቸው ሁለት ቀዳዳዎች ላይ አሰረላት። ከመኪናው ያመጣውን የድሮ ማጉረሻ መለሰ። ለአውራ ጣቷ የሚጠቀልልበት ሲያጣ ከራሱ ቡትስ ላይ የቆዳውን ማሰሪያ መዝዞ ብረቱን እንደ ሕፃን እጅ ለስላሳ አድርጎ ጠመጠመው።

«ቀዳዳዋን አትመልከቻት» አላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ። «በውስጧ አልፈሽ የፊት ዒላማው ጫፍ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ እዪ። መሐሉን ዓይንሽ ራሱ ያገኘዋል።»

ኤልማ አየች። ጭጋጉ የለም። ጠባቧ ቀዳዳ የተበተነውን ብርሃን ሁሉ ከልክላ ጥርት ያለውን ብቻ አሳለፈችላት። ነጩ ነጥብ ነጭ ነው፤ ሳህኑም ሳህን ነው።

በአራት ጥይት ቃኙት፤ እሷ ትተኩሳለች፣ እሱ ብሎን ያዞራል። ለስድስት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ሲቀር ዳሪል አዲስ ሳህን ሰቀለ። የመጀመሪያው ከመሐሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ገባ። ሁለተኛው በቀኝ በኩል። ሦስተኛው ላይ አውራ ጣቷ አልታዘዝ አላት፤ ጠመንጃውን አስቀምጣ እጇን አራገፈች፣ እንደገና አነሣችው። ተኮሰች።

ዳሪል ሄዶ ሳህኑን አመጣው። ሦስተኛው ጠርዙን ገምሶታል።

«አክስቴ... ይኼ ጠርዝ ነው እኮ። ገብቷል አይባልም።»

ባርብ ተነሥታ ሳህኑን ተቀበለችው። «ዳሪል፣ በዚህ ሳህን ሾርባ ብሰጥህ እዚህ ጋ ይፈስብሃል አይፈስብህም?»

ዳሪል አሰበ። «ይፈስብኛል።»

«እንግዲያው መትታለች!» ብላ መዝገቡ ላይ ጻፈች።

ዳሪል አክስቱን አየ፤ ቀስ በቀስ ፊቱ ፈካ። «እሺ፤ ምድጃው ለእኔ ቀረ፤ ፓስቲው ላይ ድንቹ ነው የሚቀድም ሥጋው?»

በጭብጨባው መሐል ኤልማ ዞር ስትል ሩዲ የለም። አንድ እግሩ ላይ ቡትሱ ሳይታሰር፣ እየጎተተ ወደ መኪናው ሲሄድ ያየው አለ።

ከዚያ በኋላ ሩዲ ባርብ ሱቅ አልመጣም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አንድ የማይረባ ሰው በሩ ላይ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ዶናት በክር ሰቅሎ «መነጽርዎን አገኘነው» ብሎ ጽፎበታል። ባርብ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ከዓመቱ ሁሉ የበለጠ ሸጠች፤ ፊቷ ግን ሬሳ መስሎ ነበር።

«ትናንት አንዱ ገባ» አለቻት ለኤልማ፣ «መነጽር ገዛ፤ ወጣ። በቃ! ገዝቶ ወጣ! ማንም ሳይሰድበው! እንዲህ ያለ ሰው ጫካ ገብቶ ምን ይሆናል?»

ኖቬምበር አሥራ ሦስት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ኤልማ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ጠመንጃዋን አስተኝታ አየችው። ምንም አልጎደለውም። የፊት ዒላማው ጫፍ ላይ ያለችው ነጭ ቀለም እንኳ እንደ ወተት ጥርስ ታበራለች። ትንሽ አሰበች። መሳቢያዋን ከፈተች፣ የጥፍር ሞረዷን አወጣች፣ ያቺን ነጭ ቀለም ፋቀቻት።

ቤቱ ሄዳ ስታንኳኳ ሩዲ ካልሲ ብቻ አድርጎ በሩን ከፈተ። ሬዲዮው ጠፍቷል። የዚያ ጯኺ ሰውዬ ቤት ጭር ብሏል።

«ምን ፈለግሽ?»

«ጠመንጃዬ ታሟል።»

«ባርብ ጋ ውሰጂዋ። እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ባርብማ መልካም ነው አለችኝ።»

ይኼን ሊያልፈው አልቻለም። ጠመንጃውን ተቀበላት። ጥይት እንደሌለው አይቶ፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ የፊት ዒላማውን ብርሃን ላይ ያዘው።

«ነጩ ቀለም የት ሄደ?»

«እኔ እንጃ። እርጥበት በልቶት ይሆናል።»

ሩዲ አቀረበው። አራቀው። እንደገና አቀረበው።

«ኤልማ፣ እርጥበት አይጭርም። ይኼ የጥፍር ሞረድ ነው።»

«አንተ ካልክ ይሆናል።»

ጣቶቿን አየ፤ አንዱ ጥፍሯ ሥር ነጭ ቀለም ነበረ። እሷም ማየቱን አየች። ከዚያ ሩዲ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዱን ወንበር በእግሩ ስቦ አስጠጋላት፤ ድምፁ ከጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ተመለሰ።

«ነጭ ነው የምትፈልጊው ቢጫ? መልስ ከመስጠትሽ በፊት ግን ስሚኝ፤ በረዶ ላይ ነጭ የሚቀባ ሰው፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ...»

ኤልማ ካፖርቷን አውልቃ ሰቀለች።

«ስለሁለቱም አስረዳኝ» አለች እየተቀመጠች። «አልቸኩልም።»